መቶ አስራ ሁለት ስም

ይሄን ላፕቶፕ ሐይቁ ውስጥ ልጨምረው ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ወላሂ። ሐይቁ ደግሞ ሩቅ አይደለም።

የትምህርት ቤታችን ሮስተር በጦርነቱ ተቃጥሏል። ቲቸር አሻግሬ እስከ አርዲቦ ድረስ ቤት ለቤት በእግሩ ዞሮ የመቶ አስራ ሁለት ተፈታኝ ስም ለቅሞ መጣ። ወረቀቱን መንገድ ላይ ዝናብ አበሰበሰው፤ እንደምንም እያነበበልኝ ጻፍኩና ፍላሽ ላይ አስቀመጥኩት። አሁን ደሴ ያሉት የትምህርት ቢሮ ሰዎች በፊደል ተራ ካልሆነ አንቀበልም አሉ። ቲቸር ወደ ደሴ የሚሄድበት ሚኒባስ አራት ሰዓት ላይ ይወጣል። ዝርዝሩ ካልደረሰ ፈተና የለም፤ ጓደኛዬ ኢቲሳም ደግሞ ዘንድሮ ካልተፈተነች አክስቷ ጋ ጂዳ ነው የምትላከው።

ከዝርፊያ የተረፈው ይሄ ላፕቶፕ ያለው ጥቁር ስክሪን ብቻ ነው፣ ትዕዛዝ እየጻፍሽ የምታሠሪው። ፋይሉን ከፍላሹ ገለበጥኩ። «ሶርት» ብዬ የፋይሉን ስም፣ ቀጥሎ የሒሳቧን ይበልጣል ምልክት፣ ቀጥሎ ያንኑ የፋይል ስም ጻፍኩ። ደርድረህ እዛው መልሰው ማለቴ ነው። ስከፍተው ባዶ። እንደገና ገለበጥኩ፣ ባዶ። አጥፍቼ አበራሁት፣ ባዶ። ምልክቷን ስተዋት ግን ስሞቹን ደርድሮ ስክሪኑ ላይ ይዘረግፋቸዋል። ፋይል ውስጥ አስገባ ስለው ነው የሚያብደው።

«በቃ ኮፒው ነው የተበላሸው፤ ፍላሹ ላይ ያለውን ራሱን ልደርድረው» አልኩ።

ኢቲሳም እጄን ያዘችው። «ሌላ አለሽ?»

«የለኝም።»

«አንቺ ልጅ፣ ፈሂማ፣ የክፍል ሞኒተር ሆነሽ የምትሠሪኝን ረሳሽው?»

«ምን ሠራሁሽ?»

«ሰሌዳው ላይ ያለውን ገልብጬ ሳልጨርስ ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ብለሽ ታጠፊዋለሽ። ከምኑ ልገልብጥ ከዛ? ይሄም እንዳንቺ ነው። የሚጽፍበትን መጀመሪያ ያጠፋል፣ ከዛ ላንብብ ሲል ያው ባዶ ነው።»

ልክ ስለሆነች የባሰ ተናደድኩ። ፋይሉን ከፍላሹ እንደገና ገልብጬ፣ ትዕዛዙ መጨረሻ ላይ ያለውን የፋይል ስም ብቻ ቀየርኩና «አዲስ» አልኩት። ከፈትኩት። መቶ አስራ ሁለት፣ ሁለቴ ቆጠርኩ። ኢቲሳም ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያወረደች ሄደች ሄደችና አንድ ቦታ ቆመች።

«ኢቲሳም ኑርሁሴን» ብላ አነበበች፣ የሌላ ሰው ስም ይመስል።

አዲሱን ፍላሹ ላይ ገልብጬ ሮጥን። ስንደርስ ሚኒባሱ ሞተሩን አስነስቷል። ፍላሹን በመስኮት ለቲቸር አቀበልነው።

«ከነገ ጀምሮ» አለችኝ እያለከለከች፣ «ሰሌዳ የማጠፋው እኔ ነኝ።»