ያልጮኸው ደወል

«ሲስተር፣ እባክዎ እንደገና ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለች ፕሮግራመሯ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

አንጋፋዋ ነርስ በረጅሙ ተነፈሱ። «ስንቴ ልንገርሽ ልጄ? ደወሉ አልጮኸም። ቢጮህ እሰማ ነበር።»

ባለፈው ማክሰኞ የአንድ በሽተኛ ኦክስጅን ሲወርድ ፕሮግራመሯ የሠራችው የሆስፒታሉ ፕሮግራም የሲስተርን የሥራ ስልክ ማስጮህ ነበረበት። ሰውየው ለጥቂት የተረፈው ሚስቱ ኮሪደሩን በእሪታ ስላናወጠችው ነው። ሆስፒታሉ «ደወሉን ችላ ብለዋል» ብሎ ለዛሬ ስምንት ሰዓት ኮሚቴ ፊት ጠራቸው። ለጡረታ የቀራቸው ሰባት ወር ነው።

ፕሮግራመሯ ጠዋት ሙሉ ብትፈትሽ ደወሉ በሞከረችው ቁጥር ይጮኻል። ግራ ሲገባት ፕሮግራሙ በየደረሰበት «ይህን ፈለግሁ፣ ይህን አገኘሁ» እያለ አንድ አንድ መስመር እየጻፈ እንዲያልፍ አደረገችው። የቀራት የዚያን ቀን ሥራ እርምጃ በእርምጃ መድገም ነበር።

«መድኃኒት ሰጡ። ከዚያስ?»

«ከዚያማ መስኮቱ ብርድ ሲያስገባበት ከስድስት ቁጥር አልጋ ወደ ዘጠኝ አዛወርኩት።»

የፕሮግራመሯ እጅ ቀጥ አለ። «ይህን እኮ ጠዋት አልነገሩኝም!»

«አልጋ መቀየርም ወሬ ሆኖ ይወራል እንዴ?»

በስክሪኑ ሙከራ ላይ የበሽተኛውን መዝገብ ወደ ዘጠኝ አዛውራ የኦክስጅኑን ቁጥር አወረደችው። ስልኩ ጭጭ አለ። መስመሮቹን በጣቷ ተከተለች፤ ኦክስጅን ወረደ፤ የአልጋው ነርስ ትፈለግ፤ አልጋ ስድስት፤ ባዶ ነው፤ ማንም የለም፤ ደወሉ ይዘጋ። ፕሮግራሙ የድሮውን አልጋ እንደያዘ ቀርቶ ኖሯል። ያን ክፍል የጻፈችው ራሷ ናት፤ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ለመውለድ ሳምንት ሲቀራት፣ በጥድፊያ። ፊቷ ጋለ።

«ሲስተር፣ ዋርድ ይደውሉ። አልጋ የተቀየረለት በሽተኛ ካለ ሰው ከአጠገቡ አይጥፋ።»

እሷም ፕሮግራሙን ለሆስፒታሉ በሸጠው ድርጅት ላለው አለቃዋ ደወለች። «አገኘሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ጎሽ! ቶሎ አስተካክዪውና ዝም በይ። ኮሚቴው የሚያየው የሚሠራ ፕሮግራም ይሁን።»

«ሴትየዋስ?»

«ማስጠንቀቂያ ቢሰጧቸው ነው። የኛ ግን ስማችን ይጠፋል።»

ስልኩን ዘጋች። ማስተካከያው ሁለት መስመር ብቻ ነበር፤ ኮሚቴው ስህተቱን በዓይኑ እንዲያይ ግን ለጊዜው አልነካችውም። ላፕቶፑን እንደተከፈተ አቅፋ ሲስተርን ተከትላ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች።

ከኮሚቴው በር ሲደርሱ ሲስተር ነጠላ ጫማቸውን አስተካክለው እጀታውን ሊይዙ እጃቸውን ዘረጉ።

«ይቆዩኝ ሲስተር» አለች ፕሮግራመሯ። «ዛሬስ እኔ ልቅደም።»