ከሳንቃ የተሠራው ሄሊኮፕተር

የሄሊኮፕተር አብራሪነት ተማሪዋ ነገ የጽሑፍ ፈተና አለባት፤ የክብደትና የሚዛን ስሌቱ ግን አልገባ ብሎ ጨጓራዋን ልጧታል። "ክብደቱን ከመሃል ባለው ርቀት ማባዛት ነው እኮ!" ብላ ብድግ አለችና ጓሮ ወጣች። ወፍራም ግንድ ላይ ረጅም ሳንቃ አጋደመች፤ ቤተሰቡንም ተሳፋሪ አደረገችው።

አባቷ ጠዋት ሚዛን ላይ ወጥተው ሰማንያ ኪሎ ሆነዋል። ከግንዱ አንድ ሜትር ርቀው፣ ጋዜጣቸውን እንደያዙ ተቀመጡ።

"እትዬስ፣ ስንት ኪሎ ነዎት?" አለቻቸው አክስቷን።

"ሃምሳ አምስት!" አሉ የአባቷ ታላቅ እህት፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው።

ልጅቷ ሰማንያን ለሃምሳ አምስት አካፈለች። "እንግዲያው እርስዎ በወዲያኛው በኩል፣ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ይቀመጡልኝ።"

እትዬ ገና ቁጭ ከማለታቸው አባቷ ከነጋዜጣቸው ሽቅብ ተነሡ።

"ኧረ አውርዱኝ! ይቺ ልጅ መንጃ ፈቃድ እንኳ የላትም!"

"ስሌትሽ ነው የተበላሸው!" ብለው እትዬ ተቆጡ።

ልጅቷ በሳቅ እየፈረሰች፣ "እስቲ ወደ ግንዱ ጠጋ ይበሉ። ትንሽ። አሁንም ትንሽ" አለቻቸው። እትዬ እየተንፏቀቁ ልክ አንድ ሜትሩ ላይ ሲደርሱ ሳንቃው ቀጥ አለ። እኩል ርቀት፣ እኩል ክብደት! ትምህርቱ ወለል ብሎ ታያት። "ሰማንያ!" ብላ ልትጮህ አፏን ስትከፍት እትዬ ቀደሟት። ወንድማቸውን ከእግር እስከ ራስ አይተው በሐዘን ከንፈራቸውን መጠጡ።

"እኔን! ወንድምዬ፣ ምን አግኝቶህ ነው እንዲህ የከሳኸው?"