የስድሳ ሚሊዮን ዓመት ብርሃን

መርሻ ከሰኞ እስከ ዓርብ ደብረ ታቦር ፊዚክስ ያስተምራል፤ እሑድ ደግሞ ዲያቆን ነው። በየዓመቱ መስከረም አንድ ቀን በዓላቱና አጽዋማቱ መቼ እንደሚውሉ አስልቶ ለምእመናኑ የሚያውጀው እሱ ነበር። “ዓለም ከተፈጠረ ሰባት ሺህ አምስት መቶ...” ብሎ ሲጀምር ድምፁ ከቅጥሩ አልፎ ይሰማል። ከዲግሪው ይልቅ የሚኮራው በዚህች አገልግሎት ነበር።

ነገሩን ያበላሸው አንድ ፎቶግራፍ ነው። ለተማሪዎቹ የሩቅ ጋላክሲ አሳያቸው፤ ክንዶቹ እንደ አዙሪት የተጠመዘዙ፣ ዘንበል አድርገው እንደያዙት ሰፌድ ሞላላ መስሎ የሚታይ። ብርሃኑ ወደ ቀይ ያደላው ከእኛ እየራቀ ስለሚሄድ ነው አላቸው። “ይኼ ብርሃን ከዚያ ከተነሣ ስድሳ ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል” ያለው ግን ከእሱ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። መቼም ወሬ እግር አያጣም!

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ ሽማግሌዎች አስጠሩት። ቀድመው የተናገሩት የተማሪዋ የትዝታ አባት አቶ ሙላቴ ናቸው።

“በአንድ ራስ ሁለት ምላስ! ለእኛ ሰባት ሺህ፣ ለልጆቻችን ስድሳ ሚሊዮን? ወይ ተሳሳትሁ በል፣ ወይ ልብሰ ተክህኖውን አስረክብ።”

ከፊደል ጀምረው ያስተማሩት አለቃ ኪዳኔ እጁን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱት። “ልጄ፣ የመማሪያ መጽሐፉ ነው ያለው እንጂ እኔ አላልሁም በል። ሌላውን ለእኔ ተወው።”

መርሻ ደሙ ፈላ። “የኔታ፣ መጽሐፉማ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር፤ አፌን ከፍቼ ያልሁት እኔ ነኝ። አሁን ብክድ ልጆቹ ከእኔ የሚማሩት ሽማግሌ ሲቆጣ መካድን ነው።”

ተመልሶ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመ። “ዓመቱን አባቶቼ ባስተማሩኝ ሒሳብ ቆጠርሁ፤ አልክድም። ብርሃኑንም አልክድም። ስድሳ ሚሊዮን ዓመት የበዛብን እኛ ነን እንጂ ለእግዚአብሔር ምኑ ነው!”

አቶ ሙላቴ እጃቸውን ዘረጉ። መርሻ ልብሰ ተክህኖውን አጥፎ አስረከበና ቤቱ እስኪደርስ አለቀሰ።

ሰኞ ክፍል ሲገባ ተማሪዎቹ ሁሉ ሰምተው ነበር። ጠመኔውን አነሣና ስድሳ ሚሊዮንን ከነዜሮዎቹ በትልቁ ጻፈ።

“ጥያቄ ያለው?”

ከፊት የተቀመጠችው ትዝታ ቀስ ብላ እጇን አወጣች። “ቲቸር፣ አባቴ እንዳትጠይቂ ብሎኛል።”

“እና?”

“ከዚያ ጋላክሲ ማዶስ ምን አለ?”