ከወንበሩ ልብስ ሥር

ሰይፈዲን መኪናውን እንዴት እንደሚወዳት ብነግራችሁ አታምኑም። ጠዋት ዘይቷን ሳያይ ሞተር አያስነሳም። ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት መለኪያዋን መዘዝ፣ በጨርቅ ጠረግ፣ መልሶ ከተት፣ እንደገና መዘዝ። ቀጥሎ የራዲያተሩን ውኃ ያያል። ከዚያ አራቱንም ጎማ እየዞረ በእግሩ ነካ ነካ ያደርጋል። ከኋላ ተኝታ የምትውለውን መጠባበቂያ ጎማ እንኳ በሳምንት አንዴ አየር አላት ወይ ብሎ ይጠይቃታል። ትንሿ ልጁ ዊዳድ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ውጤት እየጠበቀች ቤት የተቀመጠችው፣ "አባዬ፣ እኛን እንደዚህ አይተኸን ታውቃለህ?" ትለዋለች።

"እናንተ ዘይት አታፈሱማ!" ይላታል።

ሥራውም መኪና ነው። ኮልፌ 18 ማዞሪያ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ የመኪና ወንበር ልብስ ይሰፋል። በዚያ ከሚመላለሱት ታክሲዎች ስንቶቹ የሱን ስፌት እንደለበሱ እሱም አያውቀው። የራሱን ኮሮላ ግን ስንት ዓመት ሙሉ በተቀዳደደ ሸራ ነበር የሚነዳት። ትልቋ ልጁ አልፊያ አረገዝኩ ስትል ነው ወይን ጠጅ ቆዳና ነጭ ክር ገዝቶ የተነሳው። "የልጅ ልጄ በሸራ አይመጣም!" ብሎ እሑድ እሑድ ሰፋ፤ ባለፈው ማክሰኞ አለበሳት። አንዲት መጨማደድ የለባትም። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ መጥቶ ናሙና ሲጠይቀው የኮሮላዋን በር ከፈት አድርጎ ያሳየዋል፣ በቃ።

ሐሙስ ዕለት አልፊያ ቤቴል ባለ አንድ ክሊኒክ ሴት ልጅ ወለደች። ባሏ ኑሕ ለሥራ ጅማ ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ እሷንና ሕፃኗን፣ አብራት ያደረችውን እናታቸውን ዘሀራንም የማምጣቱ ነገር በሰይፈዲን ላይ ወደቀ።

ዊዳድ ደግሞ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ትምህርት ጀምራለች፤ ከጀመረች ወዲህ ቤተሰቡ መከራውን ነው የሚያየው። "ሕፃን በእቅፍ አይመጣም፣ የራሱ ወንበር ያስፈልገዋል!" ብላ ያዘች። ከየት ይምጣ ሲሏት በጎረቤታቸው በእትዬ ተሻለች ሳሎን ያየችው ነገር ትዝ አላትና ሮጠች።

እትዬ ተሻለች ሹራብ እየሠሩ ነበር። አጠገባቸው ባለ ማንጠልጠያ ግራጫ ነገር አለ፣ በክር ድውር ጢም ብሎ የሞላ።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ የሕፃን የመኪና ወንበር ነው!"

"ሂጂ! ዘንቢል ነው። ልጄ ናት ከዱባይ የላከችልኝ። ማንጠልጠያውን አታዪም?"

"ኧረ ጎኑ ላይ ያለውን ሥዕል ይዩት!"

እትዬ ተሻለች መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩ። ሥዕሉ ላይ ሕፃን አለ፣ መኪና አለ፣ ቀበቶ አለ። "ውይ በሞትኩት! በደወለች ቁጥር 'ዘንቢሉ ጠንካራ ነው' እያልኩ ስመርቃት ነው የኖርኩት። ምን ትለኝ ይሆን? ውሰጂው፣ ውሰጂው!"

ዊዳድ ክሩን አራግፋ ይዛው መጣች፤ የኋላውን በር ከፍታ አስቀመጠችው፤ ማሰሪያ ቀበቶ ፈለገች። በግራ የለም። በቀኝም የለም።

"አባዬ፣ ቀበቶዎቹ የታሉ?"

"ከልብሱ ሥር አሉ። የት ይሄዳሉ?"

"ከሥር ሆነው ምን ይሠራሉ?"

"ስሚ፣ እነዚያ መቆለፊያዎች እንደ እንቁራሪት ጉብ ጉብ ሲሉ ስፌቱን ያበላሻሉ። ደንበኛ ሁሉ ደብቅልኝ ነው የሚለኝ። ከኋላ ደግሞ ማን ቀበቶ ያስራል?"

"የልጅ ልጅህ! ቅደደው በቃ፣ ትንሽ ቀዳዳ ናት።"

ሰይፈዲን እንደተሰደበ ሰው አያት። "ማክሰኞ ያለበስኳትን? አንቺ ራስሽ ከክሊኒክ በእናትሽ እቅፍ ነው የመጣሽው፤ ምን ሆንሽ? በዝግታ እነዳለሁ አልኩ እኮ!"

ዘሀራ ስልክ ደውላ ኑ እንጂ እያለች ስለሆነ ክርክሩ እዚያው ቀረ። ባዶው ወንበር ሳይታሰር ከኋላ ተቀምጦ፣ ዊዳድ ከፊት አኩርፋ፣ ወጡ።

እውነቱን ለመናገር በዝግታ ነበር የሚነዳው። ማዞሪያው ጋ ሲደርሱ አንድ ሚኒባስ ተሳፋሪ አየና ምልክት እንኳ ሳያሳይ ከፊታቸው ገብቶ ቆመ። ሰይፈዲን ፍሬን ያዘ። ፍሬኗ ሸጋ ነው፣ ራሱ ነው የሚያስጠብቀው፤ መኪናዋ ቀጥ አለች። የሕፃኗ ወንበር ግን አልቆመም። ከኋላ ተስፈንጥሮ በሁለቱ ወንበሮች መሃል መጣና ማርሹ ላይ በአፉ ተደፋ።

የሚኒባሱ ረዳት "አየር ጤና! አየር ጤና!" ይላል። ከኋላ ጥሩምባ ይጮሃል። ሰይፈዲን ወንበሩን አየው። የሕፃን ጭንቅላት የሚያርፍበት በኩል ነው ወደ ታች የተደፋው። እጁን አስገብቶ እዚያች ላይ አሳረፈ።

ዳር ይዞ አቆመና ከደረት ኪሱ የክር መቁረጫ ምላጩን አወጣ።

"አባዬ፣ እኔ ልቅደደው?"

"አንቺ ታበላሺዋለሽ።"

የኋላው ወንበር ላይ ተንበርክኮ በጣቱ እየዳሰሰ ፈለገ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈን አደረገና ያንን ነጭ ስፌት ቀደድ አደረገው። አንዱ መቆለፊያ ብቅ አለ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውም። ለአንዱ ነበር የጠየቀችው፤ "አልፊያስ? ዘሀራስ?" አላት፣ እሷ እንቢ ያለች ይመስል። ቀበቶዎቹን ጎትቶ ጎትቶ አወጣ። ወንበሩን እንደ ሥዕሉ ፊቱን ወደ ኋላ አዙረው አሰሩት፤ ሰይፈዲን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው፤ መኪናዋ ነው አብራ የተነቀነቀችው።

ክሊኒኩ በር ላይ አልፊያ ገና ከመቀመጧ ቀዳዳዎቹን አየች። "አባዬ! አዲሱን ልብስ ማን ቀደደብህ?"

"ዲዛይን ነው" አለ። "እሰሪ። ዘሀራ፣ አንቺም።"

"እኔ ደግሞ ምን ቤት ነኝ?" አለች ዘሀራ።

"ካላሰርሽ አንነሳም።"

ዘሀራ እየሳቀች አሰረች። ሕፃኗ ግራጫው ወንበር ውስጥ በጡጫዋ ጉንጯን ደግፋ ተኝታለች፣ ዓለም የሷ ናት።

ሲመለሱ ከኋላቸው የተሰለፈው መኪና ብዛት ሠርግ ነው የሚመስለው። የታክሲ ሹፌሩ ዱባለ፣ የድሮ ደንበኛው፣ አጠገባቸው መጥቶ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

"ሰይፉ! ምነው፣ ነዳጅ አልቆብህ እየገፋሃት ነው?"

"የልጅ ልጄን ይዣለሁ!"

"እንኳን ማረችልህ! እና ይሄን ሁሉ ሰው ጾም ልታሳድር ነው?"

ሰይፈዲን ግን ዓይኑ የዱባለ መኪና ውስጥ ነው። ሰማያዊ ቆዳ፣ ቢጫ ክር፣ የገዛ እጁ ሥራ፤ ከኋላ ሁለት ተማሪዎች ተቀምጠውበታል።

"ዱባለ፣ ሰኞ መኪናህን አምጣት።"

"ምን ሆነች? ስፌቷ እኮ አንድ ነገር አልሆነም!"

"እሱ ነው ችግሩ። ቀበቶዎችህን ሰፍቼብሃለሁ። ላወጣልህ ነው።"

"እየቀደድክ?"

"እየቀደድኩ። ዳር ዳሩን አሳምሬ እሰፋዋለሁ፣ አታስብ። ፍስሐንም ንገረው፣ ገሜዳንም። የሰፋሁላቸውን ሁሉ ንገር!"

ዱባለ ዊዳድን አያት፣ አባትሽ ደህና ነው? እንደማለት። ዊዳድ ቀበቶዋን ፈትታ በመስኮቱ ወጣ ብላ "እኔ ነኝ የምመዘግበው፣ በተራ ኑ!" አለችው።

"ዊዳድ" አለ ሰይፈዲን፣ ማርሽ እያስገባ። "ጭንቅላትሽን አስገቢ። ቀበቶሽንም እሰሪ።"