የአሥር ሰዓት ከሩብ መንገድ

«ስኳር ስንት ላድርግልዎ?» አለች ትልቋ ልጅ፣ የቡናውን ትሪ እንደያዘች።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ከአባቷ ጋር በአውሮፕላን ማረፊያው የበረራ ዕቅድ ክፍል ሠላሳ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። «አንቺ ነሽ? ደረስሽ ታዲያ?»

በር አጠገብ የተቀመጡት ሴቶች ሹክሹክታቸውን አቆሙ። ደርሳለች፤ አባቷ በተቀበረ በማግስቱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ማንም ፊት ለፊት ባይላትም እሷ ለራሷ ብላዋለች።

አባትየው አብራሪ አልነበረም። ሥራው አብራሪው ከመነሳቱ በፊት ርቀቱን፣ ነፋሱንና ሰዓቱን አስልቶ መስጠት ነበር። እራት ላይ ሳይቀር ሁለቱን ሴት ልጆቹን በዚሁ ያደርቃቸው ነበር። ትልቋ ወደ ሩቅ አገር የሄደች ዕለት እናትየዋ ስታለቅስ እሱ ያሰላ ነበር። «ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር። መሄጃው ዘጠኝ ሰዓት፣ መምጫው አሥር ከሩብ። ስትመጣ ነፋሱ ከፊቷ ነው።» ዓመት ዓመትን ሲተካ፣ ጎረቤት «ልጅህ ረሳችህ እንዴ?» ሲለው፣ «ምን ታድርግ፣ ነፋሱ ከፊቷ ነው» እያለ ይስቅ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳቀ።

ሰኞ ዕለት ታናሽ እህቷ ከሆስፒታል ደውላ «አባባ ደክሟል፣ ዛሬውኑ ተነሺ» ስትላት «እሺ» ብላ ነበር። ሌሊት የሚነሳ ቀጥታ በረራ ነበረ፤ ቦታም አልጠፋበትም። እሷ ግን ከስንት ዓመት በኋላ ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ ብላ የማግስቱን ያዘች። ሹራብ ልትገዛለት።

«ማክሰኞ ጠዋት አጠገቡ ነበርኩ» አሉ ሽማግሌው። «እሺ ማለትሽን ሲሰማ ወረቀት አምጡልኝ አለ። እዚያው አልጋው ላይ አሰላ። ‹ሁለት ሰዓት ላይ ታርፋለች› አለ። ሁለት ሰዓት ሆነ። ‹ነፋሱ በርትቶ ነው› ብሎ ሃያ ደቂቃ ጨመረ። ደግሞ ሌላ ሃያ። አብራሪዎቹ ከገዛ ሰዓታቸው ይልቅ እሱን ነበር የሚያምኑት፤ ስሌቱ ላይ ደቂቃ ሲጨምር ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ‹ይሄስ ነፋስ አይደለም› አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ስድስት ሰዓት ላይ አረፈ፤ በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ቀበርነው።»

በዚያች ሰዓት እሷ ሱቅ ውስጥ ቆማ ግራጫውን ይሁን ሰማያዊውን ታማርጥ ነበር።

ቀብሩ ላይ ያልነበረች አንዲት ጎረቤት እያለቀሰች ገባችና አንገቷን አቀፈቻት። «የኔ ልጅ፣ እንኳንም ነፍሱ ሳትወጣ ደረስሽለት!»

«አልደረስኩም» አለች ትልቋ። «ቀጥታው ነበረ። እኔ ነኝ የተውኩት። ሹራብ ልገዛ ብዬ።» እፍረቱ ፊቷን አቃጠላት።

ጎረቤቲቱ እጇን ከአንገቷ ላይ ቀስ ብላ አነሳች። ሴቶቹ ወደ መሬት አዩ።

ታናሽየዋ፣ እህቷ ከመጣች ጀምሮ አንዲት ቃል አልተነፈሰችላትም። አሁንም ፊቷን አላዞረችላትም። አጠገቧ የነበረውን ባዶ ወንበር ብቻ በእግሯ ወደ እህቷ ገፋ አደረገችው።