ሕጉ ያመጣው ስፔሻሊስት

ሎርና ኮላር በአሜሪካዋ ነብራስካ ግዛት ሴናተሮች ፊት ቀርባ የኢንሹራንስ ክልከላን ስለሚገድበው የሕግ ረቂቅ ለመናገር የቆረጠችው ባሏ ዱዌይን የገዛ ሸሚዙን መቆለፍ ሲያቅተው ነው። የመገጣጠሚያ ሕመም ጣቶቹን እያጣመመበት ነበር። መድኃኒት ጠፍቶ አይደለም፤ ሐኪሙ ዶክተር ሃልቨርሰን መርፌ አዞለታል። መርፌው ግን ኢንሹራንሱ አስቀድሞ ካልፈቀደ አይሰጥም። ኢንሹራንሱም ሲያጣራ፣ ሲያጣራ ከርሞ ከለከለ። ማመልከቻ እንዲያይ ኢንሹራንሱ የቀጠረው ከልካይ፣ እግዜር ይስጠውና፣ የዓይን ሐኪም ነበር።

ምክር ቤቱ ውስጥ ተናጋሪው ፊት መብራት አለ። አረንጓዴ ሲበራ ሕዝብ ይናገራል፤ ቀይ ሲበራ ዝም ይላል። ሎርና ገና የዓይን ሐኪሙ ጋ ስትደርስ ቀዩ በራ። ደግነቱ ተከታዩ ተናጋሪ ዶክተር ሃልቨርሰን ነበር፤ ወሬውን ካቆመችበት ቀጠለላት። በሽታውን የማያውቅ ሐኪም እንዴት በበሽተኛ ላይ ይፈርዳል ብሎ ጠረጴዛውን ሲደበድብ ሎርና አለቀሰች። ሴናተሮቹም አዘኑ፤ ማዘን ይችሉበታል።

ሕጉ ጸደቀ። ከእንግዲህ ሕክምና የሚከለክለው የበሽታው ስፔሻሊስት፣ ያውም በግዛቱ ውስጥ የሚሠራ መሆን አለበት። ዱዌይን እንደገና አመለከተ። ሎርና ደስ ብሏት የቀረፋ ዳቦ ጋግራ ወደ ዶክተሩ ክሊኒክ ወሰደች። ክሊኒኩ ተዘግቷል። ዳቦዋን ይዛ ተመለሰች።

ኢንሹራንሱ የደወለው በሳምንቱ ነው።

«ወይዘሮ ኮላር፣ የባለቤትዎን ማመልከቻ አይቼዋለሁ። አልተፈቀደም። መጀመሪያ ክኒኑን ይሞክር።»

ድምፁን ለየችው። ኢንሹራንሱ ሕግ አክባሪ ነዋ፤ ስፔሻሊስት ቅጠር ሲባል ቀጠረ። በዚያ አካባቢ ደግሞ የነበረው አንድ ብቻ ነው።

«ዶክተር ሃልቨርሰን፣ ክኒኑ እንዳልሠራለት እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ የጻፉት?»

«እኔ ነኝ። ጥሩ አድርጌ ነው የጻፍኩት» አለ፤ ትንሽ ያፈረም ይመስላል። «ደንቡ ነው። ካልተስማማችሁ የሚያክመው ሐኪም ደውሎ ያስረዳኝ።»

«የሚያክመውማ እርስዎ ነበሩ።»

«ሌላ ፈልጉ እንግዲህ» ብሎ መልካም ቀን ተመኘላት።

ዱዌይን ከጓዳ ማን እንደደወለ ጠየቃት። ሎርና ስልኩን እንደያዘች «ሐኪምህ ነው» አለችው።

«አላልኩሽም? ያ ሰውዬ አይተወኝም» አለ። ፊቱ ፈክቶ ወጣና መርፌውን ሊወጋ እንደተጠራ ሰው ከሸሚዙ ቁልፍ ጋር ይታገል ጀመር። ሎርና ስልኩን አስቀምጣ ቆለፈችለት።