አሥር ዓመት የማይላጥ ቀለም

ቀለም ቀቢው ታናሽ ወንድሙን በቀበረ በሳምንቱ ወርክሾፑን ከፈተና፣ ፍሬኗ እምቢ ብሎ ገደል ከገባችው የወንድሙ ታክሲ የተረፈውን ቸርኬ በሩ ላይ ሰቀለው።

ከሁለት ወር በፊት ሟች አራቱንም ቸርኬ ሊያስቀባ ሲመጣ፣ ፍሬኑ ከመንገድ ማዶ ድረስ ሲጮህ ይሰማ ነበር። ምድጃ ውስጥ የሚጋገረው የዱቄት ቀለም ደግሞ ዋጋው አይቀመስም፤ አራቱን ማስቀባት ፍሬን ከማሳደስ እኩል ያስወጣል። የወንድሙ ኪስ ከሁለቱ አንዱን እንጂ ሁለቱንም አይችልም።

"ወንድም ጋሼ፣ የቱ ይቅደም ትላለህ?" ብሎ ጠየቀው።

ምድጃው ሥራ ፈትቶ ሰንብቶ ነበር። ቀለም ቀቢው "የፍሬኑን አንተ ታውቃለህ፤ የኔ ቀለም ግን አሥር ዓመት አይላጥም" አለና የቀረውን ዋጠው። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው መቼም ወንድም አልነበረውም! መኪናዋም አምራ ወጣች፤ ውስጧን ለቄስ።

አሁን አንድ ደንበኛ የተሰቀለውን ቸርኬ በጥፍሩ ይፍቃል። ቸርኬው እንደ መስታወት ፊት ያሳያል።

"ወይ ጉድ! እንዲህ ከሆነስ ዋጋውም አይቆጨኝም። የእውነት ይበረክታል?"

"አሥር ዓመት።"

"ሻጭ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።"

"ይኼ የወንድሜ ነው" አለ ቀለም ቀቢው፣ አቧራውን በእጅጌው እየጠረገ። "ገደል ገብቶ እንኳ አልተላጠም። ባለቤቱን ቀበርነው፤ ቀለሙ ገና ዘጠኝ ዓመት ከአሥር ወር ይቀረዋል።"